ሲራድ ፈጠርኩት ያለችው ገዳይ

ሲራድ ጃማ ሮብሌ ጉሌድ ሰመተር ሀርጌሳ ገበያ ውስጥ ሻሽ ትሸጣለች። ሻሽ እየሸጠች ትጽፋለች። ደንበኛ ቆሞ ዋጋ ሲጠይቃት ቀና ሳትል፣ "ቆይኝማ እቴ፣ ሰውየው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው" ትላለች፤ ገበያተኛውም ለምዶታል፣ የትኛው ሰውዬ ብሎ አይጠይቃትም። የምትጽፈው የድሮ ታሪክ ነው፦ በእንግሊዝ ጊዜ የነበሩ ግመል ነጂዎች፣ የተጠለፉ ሙሽሮች፣ የውሃ ጠብ። ሁሉም አጫጭር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በሬዲዮ ይነበብላታል፤ ሻይህ ሳይበርድ ያልቃል።

አንባቢው ኢልሚ ይቀልድባታል። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ከወለድሽ አሳድጊው እንጂ፤ ስሙን ሳንለምደው ትቀብሪዋለሽ። ረጅም ጻፊ።"

"ረጅም ለመጻፍ ረጅም ነገር ማወቅ ያስፈልጋል" ትለዋለች። እውነቱን ልናገርና፣ ፈርታ ነው። አጭር ሲሆን ሰውን አስገድሎ መውጣት ይቀላል።

አንድ ሐሙስ የተነበበላት ታሪክ እንዲህ ነው። አንድ እንግዳ እንስት ግመሎቹን ይዞ ጀንበር ስትጠልቅ ከአንድ ሰው ደጃፍ ይደርሳል። ባለቤቱ በግ ያርድለታል፣ "በእኔ ጥላ ሥር ነህ" ብሎ ይምልለታል፣ ጎህ ሲቀድ በተኛበት ይገድለዋል። ግመሎቹን ይወስድና "ማልዶ ሄደ" ይላል። አበቃ። እንግዲህ እዚያ አገር ሰው ምን ሠራ ከመባሉ በፊት የማን ልጅ ነው ይባላል፤ አባቶቹ ያልተቆጠሩለትን ሰው፣ ሰው ነው ብሎ ማንም አያምንም። እንግዳው እንግዳ ነውና ስም አልሰጠችውም፤ ለገዳዩ ግን ቆጠረችለት፦ ሂርሲ ኢጌ ሺርዋ ዋይስ ሀንዱሌ። ከየት አመጣሻቸው ብትባል "ከጭንቅላቴ" ነበር መልሷ። ምላሷ ላይ ጣፈጧት፣ ጻፈቻቸው፣ በቃ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ከዘራውን ይዞ ሱቋ ገባ። ለሚስቱ ሻሽ ሊገዛ መስሏት ቀዩን አወረደችለት።

"የሐሙሱን ታሪክ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ አዴር" አለች፣ አጎቴ እንደ ማለት። "ወደዱት?"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ፈጥሬው ነው።"

"ሂርሲ ኢጌን ፈጠርሽው?" ከዘራውን ደገፍ አለ። "እኔ ሸርማርኬ አብዲ ሂርሲ ኢጌ ነኝ። ሂርሲ አያቴ ነው።"

ሲራድ ክው አለች። ወዲያው መማል ጀመረች፤ ስሙ አጋጣሚ ነው፣ የሚመጣው ሐሙስ ውሸት ነው ብዬ አስነግራለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

"ውሸት ቢሆንማ እኔ ምን አመጣኝ" አለ ሸርማርኬ። "ጎረምሶቻችን አያታችንን አረከሰች ብለው ሱቅሽን ሊያነዱ ተነሥተው ነበር። አጋጣሚ ነው ብዬ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ግን አጋጣሚ አይደለም። የታረደው በግ እንኳ ልክ ነው። ይህን አባቴ ሊሞት ሲል ለእኔ ብቻ ነገረኝ፣ እኔ ለማንም አልነገርኩም። የወጋ ይረሳል የሚሉት ውሸት ነው፣ ልጄ። ማን ነገረሽ?"

ሱቋን ዘግታ እቤቷ ገባች።

ቤት ያለችው ኢዶ ዳሃቦ ናት፤ የአባቷ አክስት፣ ሲራድን ያሳደገቻት፣ አሁን ዓይኗ የጠፋ። ግቢው ጥላ ውስጥ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች።

"ኢዶ፣ ሂርሲ ኢጌ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?"

አሮጊቷ አላመነታችም። ሕፃን እንደምታስተኛ ወዲህ ወዲያ እያለች፣ "ሂርሲ ኢጌ፣ ሺርዋ ዋይስ፣ ሀንዱሌ ጉሬ፣ ጉሬ ሊባን…" አለች። ያቺ ዜማ የሲራድ የገዛ እሹሩሩዋ ናት፤ በዚያ ነው እንቅልፍ ሲወስዳት የኖረው።

"ማነው እሱ?"

"አባቴን፣ ጉሌድን የገደለው ነዋ። ሚስቱ ውሃ ላይ አግኝታ ለእናቴ ሹክ አለቻት፤ በጉንም፣ መሐላውንም። እናቴ ለወንድሜ ለሮብሌ ብትነግረው ሄዶ ይሞትባት ነበር። ለእኔ ነገረችኝ። ሴት ደም አትመልስም፣ አትረሳም ግን።"

"ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩሽ እንጂ። አንቺ ተኛሽ።"

ሲራድ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። የገደለችው እንግዳ፣ ስም እንኳ የነፈገችው፣ የራሷ ቅድመ አያት ነው። ወንድሟ ቢሌ ደግሞ በርበራ መስመር ላይ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ በትንሽ ነገር የሚነድ ሰው ነው። ከሰማ አለቀ።

ሸርማርኬ ተመልሶ ሲመጣ በጆሮው ነገረችው። አሁን ተራው የእሱ ሆነ፤ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። "የጉሌድ ዘር ነሽ?" አለ ደጋግሞ። ኋላም፣ "እንግዲህ ካሳ ይገባችኋል። ግመሉን እንሰብስብ።"

"ግመል ከተሰበሰበ ቢሌ ይሰማል። ደግሞስ ግመል ምን ያደርግልኛል፣ ሻሽ ላስርለት ነው? ካሳዬን በወሬ ይክፈሉኝ፣ አዴር። የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩኝ።"

ከፈላት። ከሰዓት በኋላ እየመጣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጦ ሻይ በወተት እየጠጣ አወራላት። ሂርሲ ከዚያች ጠዋት ወዲህ የበግ ሥጋ አልቀመሰም። የተወሰዱት ግመሎች በወለዱ ቁጥር ግልገሉን አባት ለሞተበት የቲም ይሰጥ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱ ውጭ ያድር ነበር። ሲራድ አፏን ይዛ ትሰማለች። በአስር ደቂቃ ጥላው የወጣችው ገዳይ ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ኖሯል። ኢልሚ አሳድጊው ያላት ይኸው መጣ። ሁለት ዓመት ጻፈች፤ ረጅም ልብወለድ ሆነ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አልመለሰላትም። ዳሃቦ የምትፈልገው ደግሞ ያንኑ ነበር፤ "የት እንደተኛ ልወቅና ልሙት" ትላለች። ሸርማርኬ መቃብሩ ሲነሣ አቀርቅሮ፣ "መቃብር ምስክር ነው። እሱን ካወጣሁ አጋጣሚ ነው ብዬ ያስቀመጥኳቸውን ጎረምሶች ማን ይይዝልኛል?" ይላል። መጽሐፉ ሲያልቅም፣ "የሂርሲን ስም ሰርዢልኝ" ብሎ ለመናት። እሷም፣ "አባት የሌለውን ሰው ማን ያምናል?" አለችው። ፊቱ አመድ መስሎ ሄደ።

መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ሸርማርኬን ግቢዋ ጠርታ፣ ለእሱና ለዳሃቦ ልታነብላቸው ተቀመጠች። ሸርማርኬ ከዘራውን ጨብጦ የአያቱን ስም ይጠብቃል። እንግዳው መጣ፤ ሲራድ ቆጠረችለት፦ የሺርዋ ልጅ፣ የዋይስ ልጅ፣ የሀንዱሌ ልጅ። በጉ ታረደ። ጎህ ቀደደ። የገደለውም ዲሪዬ ሰመተር ነው፣ የፋራህ ልጅ፣ የወበሪ ልጅ።

"ቆይ" አለ ሸርማርኬ። "ተሳስተሻል። ስሞቹን አዛውረሻቸዋል። ሺርዋና ዋይስ የእኛ፣ ሰመተርና ፋራህ የእናንተ አባቶች ናቸው።"

"አልተሳሳትኩም። ዲሪዬን ፈጥሬው ነው።"

"የሟችን ቤት ገዳይ አደረግሽው? ሰው ምን ይላችኋል? ወንድምሽስ?"

"ቢሌ ይጮህብኛል፣ ከዚያ ይደክመዋል። የሚገድለው ሰው ግን አያገኝም። ደም የሚጠይቅ ካለ አሁን እናንተ ናችሁ፣ አዴር። ይጠይቁኝ።"

ሽማግሌው ከዘራውን ጥሎ ተነሣና ዳሃቦ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ከእኛ ውሃ ጉድጓድ በላይ ሁለት ግራር አለ" አላት። "ሂርሲ ራሱ አጥቦ ነው የቀበረው። ፊቱን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዙሮታል።"

"ከየትኛው ግራር ሥር?"

"ከትንሹ። ዛሬ ትልቁ እሱ ሆኗል።"

ዳሃቦ ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረች፣ በዚያችው ዜማ። ሲራድ የሂርሲን ስም ጠበቀች። አሮጊቷ ግን፣ "ጉሌድ ሰመተር፣ ፋራህ ወበሪ…" እያለች፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሹሩሩዋ የአባቷን ስም ቆጠረች።