«ንጹህ ነው በላት»

ይህ ነገር የገጠመኝ ሆላንድ በዩሮ መገበያየት ከጀመረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዴንሃግ ከተማ ውስጥ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። ያም ሆኖ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ያኔ የምኖረው ሮተርዳም ነበር። በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል፣ ፍሳሽ የገባባቸውን ቤቶች በሚያጸዳ ድርጅት እሠራ ነበር። ቱቦ ሲዘጋ የሽንት ቤት ውሃ ተመልሶ ሰው ቤት ይገባል። እኛ ነጭ ቱታና ቦት ጫማ አድርገን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን እንሄዳለን። ውሃውን በማሽን እንመጥጣለን፣ የተበከለውን እናወጣለን፣ ጀርም የሚገድል መድኃኒት ረጭተን እናደርቃለን። ሽታው ከገላ ቶሎ አይለቅም።

አንድ ጠዋት አለቃዬ ሄንክ፣ «ዛሬ ከእኔ ጋር ነህ። ሴትዮዋ ያገርህ ሰው ናት፣ ደች አትችልም» አለኝ።

ቤቱ ዴንሃግ፣ ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር፣ የአንድ አሮጌ ሕንፃ የታችኛው ቤት ነበር። በሩን የከፈቱልን እማማ ዘሀራ የሚባሉ የወሎ እናት ናቸው። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ፈረቃዋን ትታ መምጣት አልቻለችም። የሕንፃው ዋና ቱቦ ተዘግቶ፣ የላይኞቹ ሁሉ ቆሻሻ በእሳቸው መታጠቢያ ቤት በኩል ወጥቶ ሳሎን ደርሷል። እማማ ጫማቸው ላይ ፌስታል አስረዋል።

አማርኛዬን ሲሰሙ አፈሩ። «ልጄ፣ በዚህ ግማት መሀል ተገናኘን» አሉኝ።

«የእርስዎ አይደለም እኮ እማማ፤ ከላይ የመጣ ነው» አልኳቸው።

ውሃውን መጠጥን። ምንጣፉንና ሶፋውን አወጣን። ወለሉን አጥበን መድኃኒት ረጨን። የቀረው ላሚኔቱን ማንሳት ነበር። ተገጣጥሞ የሚነጠፍ ወለል ስለሆነ ፍሳሹ በመጋጠሚያው ሰርጎ ከሥር ይተኛል። ስረግጠው ጨቅ ጨቅ ይላል።

መፈልቀቂያውን ሳነሳ ሄንክ፣ «ተወው፤ ዴልፍት ከተማ ሌላ ቤት ይጠብቀናል» አለ።

«ከሥሩ ውሃ አለ።»

«አውቃለሁ። ይደርቃል።»

እማማ ቀረብ አሉኝ። «ልጄ፣ አሁን ንጹህ ነው? ልስገድበት? ከትናንት ጀምሮ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምሰግደው። ነጃሳ ካለበት ግን አይሆንም።»

ሄንክ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ሲጸልዩ ግንባራቸው ወለሉን እንደሚነካ፣ ቆሻሻ ካለበት ደግሞ መጸለይ እንደማይችሉ አስረዳሁት። እስክጨርስ አዳመጠኝ። ከዚያ ጓንቱን እያወለቀ፣ «ንጹህ ነው በላት» አለ።

«ንጹህ አይደለም እኮ።»

«ያመጣሁህ ለዚህ ነው። በቋንቋችሁ ንገራት፤ ለአከራዩ ድርጅት ስደውልም በደች ደህና ነው ትበልና እንሂድ።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን እናቴ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በግንባሯ ስትሳለም እያየሁ ነው ያደግኩት። እማማ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። የምላቸውን ሊያምኑ ተዘጋጅተዋል።

«ንጹህ አይደለም እማማ» አልኳቸው። «የታጠበው ከላይ ብቻ ነው። እንኳን ሊሰግዱበት በባዶ እግርዎ እንዳይረግጡት። አሁን ይሄ አለቃዬ ቤቱን ለሚያከራየው ድርጅት ደውሎ ያገናኝዎታል። ደህና ነው እንዲሉለት ይፈልጋል።»

እማማ ወለሉን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ደህና አይደለም በነሱ ቋንቋ ምንድን ነው?»

«ኒት ኹት።»

ሄንክ ነገሩ ያለቀ መስሎት ደውሎ ስልኩን ሰጣቸው። እማማ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ኒት ኹት» አሉ። ወዲያ ያለው ሰው የሆነ ነገር ጠየቃቸው። «ኒት ኹት» አሉ ደግመው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

የሄንክ ፊት ቀላ። «ምንድን ነው የነገርካት?» አለኝ።

«የጠየቁኝን» አልኩትና ግድግዳው ጥግ ያለውን ላሚኔት ፈልቅቄ አነሳሁ። ጥቁር ውሃ ወጣ። ሽታው ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። ስልኩን ከእማማ ተቀብዬ ያየሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ።

በማግስቱ ወለሉ በሙሉ ተነሳ። ቤቱ እስኪደርቅ ለእናትና ልጅ ጊዜያዊ ቤት ተሰጣቸው። እኔን ድርጅቱ ከዚያ ወዲያ አልፈለገኝም። ኤጀንሲውን ምክንያቱን ስጠይቅ፣ «ከቡድኑ ጋር አልተግባባህም» አሉኝ። ሌላ ሥራ አገኘሁ፤ እሱ አይቆጨኝም።

የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ሄንክ ሲያዩት ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ምሳውን ያካፍለኛል፣ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቀኛል። ደግሞም ከእማማ በፊት አብረን ስንት ቤት ገብተናል። በራሱ ቋንቋ «ንጹህ ነው» ሲላቸው አመስግነው የሸኙን የቱርክና የሞሮኮ እናቶች ነበሩ። ያኔ እኔ ማሽኑን መኪና ላይ እጭናለሁ፤ ከወለሉ ሥር ምን እንደቀረ አላየሁም። አንዳንዶቹ ቤቶች ውስጥ የሚድሁ ሕፃናት ነበሩ። አሁንም ድረስ ንዴቴ የማይበርደው እነሱ ፊቴ ላይ ድቅን ሲሉ ነው።