ትርንጎ ያልተፈተነችው ፈተና

ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ ለጥቂት ወራት ነው፤ ጽሕፈቴ ቢጠምም አትፍረዱብኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ሰሊጥ እያረሳችሁ ልጅ ለምታስተምሩ ነው።

በኅዳር መጨረሻ፣ ከዶካ ወዲህ ካለው እርሻችን ተነሥቼ ገዳሪፍ ሄጄ ነበር። የሄድኩት የልጄን ልጅ ትርንጎን ይዤ የትምህርት ቤቷን ሙዲር፣ ርእሰ መምህሩን ማለቴ ነው፣ ለመለመን ነው። ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ነው። ከተማ ከአክስቷ ከዘውዲቱ ጋር ተቀምጣ መካከለኛ ደረጃ ሁለተኛ ዓመት ትማር ነበር። ዘንድሮ በጦርነቱ የተነሣ ሠራተኛ ጠፋ። "ለዐሥር ቀን ነይና አጨዳ አግዢኝ" ብዬ ጠራኋት። ዐሥሩ ቀን ከወር በላይ ሆነ። የትምህርቱም ዘመን ተዛብቶ ነበርና ፈተናው በዚያው መካከል መጥቶ አለፈ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው ዘውዲቱ ደውላልኝ ነበር። "አባባ፣ ነገውኑ ይላኳት" አለችኝ። የቆመው ነዶ ደርቋል፤ ቶሎ ካልተራገፈ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይፈስሳል። "እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ለልጅቷ ግን አልነገርኳትም።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

በትራክተር ተጎታች ላይ ወጣን። ዋልካው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ መንገዱ አንጀት ያወርዳል። ለሙዲሩ አንድ ቆርቆሮ ሰሊጥ ይዣለሁ። ትርንጎ ደብተሯን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋለች። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ሻይና የተጠበሰ ሊጥ ቀመስን። አንዱ ሻይ አንድ ሺህ ጊኔ ገብቷል። ተናድጄ ግማሹን ተውኩት፤ ትርንጎ ጠጣችው።

ሃፍላው፣ አውቶቡሱ፣ ሲመጣ ረዳቱ ቆርቆሮዬን አየና፣ "ያ ሐጅ፣ ይሄም ወንበር ይፈልጋል እንዴ?" አለ።

"ሐጅ አይደለሁም፣ ክርስቲያን ነኝ።"

"እንግዲያው ክርስቲያኑ፣ ጭንህ ላይ እቀፈው!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ትርንጎም ሳቀች። በዚያ ቀን ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ትንሽ እንደሄድን፣ "አክስቴ ክፉ ናት" አለችኝ። "አንዴ ብትደውል ምን ነበረበት?"

"ኔትወርክ የለም ይሆናላ።"

"የሰሊጥ ዋጋ ልትነግርዎ ሲሆንስ ኔትወርክ አለ።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። የታጨደ ማሽላ ብቻ ነበር።

ኬላው ላይ ወታደር ወረቀት ጠየቀን። እኔ ስደናበር እሷ በዐረብኛ መለሰችለት። "ተማሪ ነሽ?" አላት። "አዎ። ከክፍሌ ሁለተኛ ነኝ" አለችው። ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰላት።

ገዳሪፍ፣ አምስት ሰዓት

"መጀመሪያ አክስቴ ጋ እንሂድ፣ ርቦኛል" አለች። እምቢ አልኩ። ሙዲሩን ሳላገኝ ምግብ አይወርድልኝም አልኳት። እውነቱ ግን ዘውዲቱን ፈርቼ ነው። በባለሦስት እግሩ ረክሻ ቀጥታ ትምህርት ቤት ሄድን።

ሁለት ረድፍ የቆርቆሮ ክፍል ነው። በአንደኛው ጫፍ የተፈናቀሉ ሰዎች ገብተውበት ልብስ አስጥተዋል። በሌሎቹ የከተማው ልጆች፣ ከካርቱም የሸሹት፣ የእኛዎቹ፣ በሐምዳይት ድንበር የተሻገሩ ትግርኛ ተናጋሪዎችም አሉ። በአንድ ወንበር ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ወንበር ያልደረሰው ጆንያ ያነጥፋል።

ሙዲሩ የመነጽሩን እጀታ በክር ያሰረ ቀጭን ሰው ነው። ቆርቆሮዬን አይቶ፣ "በሩ ጋ አስቀምጠው፣ ስትሄድ ትወስደዋለህ" አለኝ። ከዚያ መዝገቡን ገለጠ።

"እነዚህ የሐበሻ ልጆች ናቸው" አለና ጣቱን አስኬደ። "ጭረቱ የመጡበት ቀን ነው። እስከ ሰሊጥ ሙሉ ነው። ከሰሊጥ ወዲህ ባዶ። ውጤታቸውም እንዲሁ ነው፤ እስከዚህ ከፊት ናቸው፣ ከዚህ ወዲያ የሉም። ኋላ ሰው 'የሐበሻ ልጅ ትምህርት አይገባውም' ሲል አባቶቻቸው ይቆጣሉ።"

"ኡስታዝ፣ ሰሊጥ እኮ አንድ ሳምንት አይታገሥም" አልኩት።

"ከካርቱም የመጣች ልጅ አለችኝ፤ ቤቷ ተቃጥሏል፣ ደብተር እንኳ የላትም። እሷ ተፈትናለች። ለዚችኛዋ አክስቷን ጠርቼ ቀኑን ነገርኳት። እዚሁ ፊቴ ደወለች። አያቷ እሺ ብሏል አለችኝ።"

ትርንጎ ቆርቆሮው አጠገብ ቆማ ነበር። በዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖሬ ዐረብኛ እንዳልሰማ ሰው ወደ እሷ ዞርኩና፣ "ምን አለ?" አልኳት።

"እርስዎ ያውቁታል" አለች።

ሙዲሩ ፈተናውን ዳግመኛ አይሰጥም። ሁለተኛ ዓመትን ትድገም፤ ከገና በኋላ ትምህርት ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ከመጣች ቦታ አላት አለ። "ኸላስ፣ አለቀ" ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ቆርቆሮዬን አንሥቼ ወጣን።

ረክሻው ውስጥ ስንገባ፣ "ስንት ቀን ሲቀረው ነው የደወለችው?" አለች።

"አራት።"

"ሁለቱ ይበቃኝ ነበር።"

ዘውዲቱ ሻይ የምትሸጥበት ጋ ወረደች። "ትመዘገቢያለሽ ወይ?" አልኳት።

"ጓደኞቼ ሦስተኛ ሲገቡ እኔ ከትንንሾቹ ጋር?" አለች። ደብተሯን ከነጠላዋ አውጥታ እጄ ላይ አኖረች። "ለእሳት ይሁንዎ።"

ይቅር በይኝ ልላት ነበር። አፌ ግን፣ "ቆርቆሮውን ለአክስትሽ ስጪያት" አለ።

እቤት

በማግስቱ ብቻዬን ተመለስኩ። ሰሊጡ በጆንያ ተሞልቶ እስከ ጣራ ተደርድሯል። አንድ እፍኝ መሬት ላይ አልፈሰሰም። እኔ እንደፈለግሁት ሆኗል። ጎተራው ደጃፍ ተቀምጬ እስኪመሽ አየሁት፤ ደስ አላለኝም። ሰሊጥ ሲፈስ አያለሁ ብዬ ስፈራ ልጅቷን አላየኋትም። እናንተ ስልክ ሲደወልላችሁ የተባላችሁትን ለልጁ ንገሩት፤ መሄድ መቅረቱን እሱ ይወቅበት።

ደብተሩን አላቃጠልኩትም። ዐረብኛ ከቀኝ ስለሚጀምር የእሷ ጽሑፍ በዚያኛው ልባስ በኩል ነው፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ጎኑ የተሠመረ፣ ሦስተኛው የቀረ ሦስት ማዕዘን አለ። እኔ በዚህኛው በኩል ጀምሬ ይህን ጻፍኩ። ፊደሉን በልጅነቷ አስቆጥሬያታለሁ፣ ታነበዋለች፤ ከፈቀደች ለእናንተም ታነብላችኋለች። በአፌ ያልወጣው ይኸው፦ ትርንጎ፣ ይቅር በይኝ።

ነገ ትራክተሩ ወደ አስፋልት ሲወጣ እልክላታለሁ። በእኔና በእሷ ጽሑፍ መካከል ገና ብዙ ነጭ ገጽ አለ። እንዳልነካባት እዚህ ላይ አቆምኩ።