የዴልፋ እንጨቶች

ዴልፋ ከተጋቡ ጀምሮ የምትቆመው ከባሏ ከኮርቤት በስተግራ ነበር። እሱ ቫዮሊኑን ደረቱ ላይ አስደግፎ ደጋኑን ሲስብ፣ እሷ በሁለት ቀጫጭን የሹራብ መሥሪያ እንጨቶች፣ ከጣቶቹና ከደጋኑ መሀል፣ ክሮቹን ትመታለች። በእኛ ሸለቆ ይህ የሚስቶች ሥራ ነው። ዴልፋ ዜማ መጫወት አትችልም፤ ዜማው የት እንደሚያዘግም ግን እጇ ያውቀዋል።

ኮርቤት ከአያቱ የወረሰው «ደረቁ ምንጭ» የሚባል ዜማ ነበረው። መጨረሻው ላይ አንድ ምት ይተርፈዋል። እንግዳ ሰው ሲጨፍር እዚያ ቦታ ላይ እግሩ ይጠላለፍበታል፤ የሸለቆው ሰው ሳያስበው ይቆምለታል።

ዕድሜውን ሙሉ የቆፈረው የድንጋይ ከሰል አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ኮርቤት በጥር ሞተ። በረዶው መንገዱን ስለዘጋ ያለ ሙዚቃ ተቀበረ። ዴልፋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በግንቦት መቃብሮቹን አጽድተን አበባ በምናኖርበት እሑድ ያን ዜማ ምንም ሳያጎድሉ እንዲጫወቱለት። ዜማውን የሚያውቅ የቀረው ታናሽ ወንድሙ ኦዴል ነበር። ኦዴል ደግሞ ኦሃዮ ሄዶ ፋብሪካ ሲሠራ ለዓመታት ምት እኩል ከሚቆጥሩ ጊታር መቺዎች ጋር ተጫውቶ ትርፏን ምት ጥሏታል።

በዋዜማው ቅዳሜ በረንዳዋ ላይ ሲለማመዱ አስቆመችው።

«በላሃት።»

«ምኗን?»

«ምቷን ነዋ። ኦሃዮ ሆድህን አሰፋው እንዴ?»

ሳቀ። «ኮርቤትም እኮ ይጨምራት የነበረው መቁጠር ስለማይችል ነው።»

«አይችልም ነበር። እንደማይችል ሰው ተጫወትልኝ።»

በእንጨቷ ጉልበቱን እየመታች አስጠናችው። ሊመሽ ሲል አንዴ ተሳካለት፤ ዴልፋ ፊቷን ወደ ማሳው አዞረች።

እሑድ፣ ከመቃብሩ ማዶ ለእሑዱ ምሳ የተጠበሰው ዶሮና የበቆሎ ቂጣው በተደረደረበት፣ ሰው ተሰብስቦ ቆመ። ኦዴል ጀመረ። መጨረሻው ላይ ደርሶ ሳይቆም አለፈው። የዴልፋ እንጨት ክሩ ላይ ሲያርፍ እሱ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ነበር። ደገመው፤ አሁንም ሳተው። ደጋኑን አወረደ።

«አልሆነልኝም፣ እቴ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እጄ አይቆምልኝም።»

«እንግዲያው ቫዮሊኑን ብቻ ያዝልኝ።»

ያዘላት። ክሮቹ በኮርቤት ቅኝት ተቃኝተው ስለነበር ጣት ሳይነካቸው እርስ በርስ ይስማማሉ። ዴልፋ ከመነሻው እስከ መድረሻው መታችው፤ ዜማ የለም፣ ምት ብቻ። እግራችን ምቱን ሲከተል ቆይቶ፣ ትርፏ ምት ላይ ስትደርስ ሁላችንም ቆምንላት።

እንጨቶቹን ወደ ከረጢቷ መለሰቻቸው። ከዚያ በኋላ ሹራብ ብቻ ሠራችባቸው።