ቁጥር የሚመስለው ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች አካባቢ ካለ ፋርማሲ ለእህቴ ልጅ የሳል ሽሮፕ ስገዛ፣ ባለሙያዋ ጠርሙሱን ገልብጣ ከታች የታተመውን የምርት መለያ ቁጥር አነበበች። ሌላ ሰው ልብ አይለውም ይሆናል። እኔ ግን ወደ ሃያ አራት ዓመት ዕድሜዬ ተመለስኩ።

ያኔ ኮልፌ ባለ አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የዳታቤዝ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከተቀጠርኩ ገና አራተኛ ወሬ። ሐምሌ ነው። ከ18 ማዞሪያ ጀምሮ ጭቃውን እየዘለልኩ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ቦምቦሊኖ ይዤ ስገባ፣ የመጋዘን ኃላፊው ጋሽ ሸምሱ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በእርጋታቸው የሚታወቁ ሰው ነበሩ፤ ያን ጠዋት ግን ቸኩለዋል።

«ሰላማዊት፣ መለያው 4172 የሆነው የሕፃናት ሽሮፕ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከሚገባው በላይ ነው ብለው ከፋብሪካው ደውለዋል። የት የት እንደላክነው ቶሎ አውጪልኝ» አሉኝ።

ዳታቤዛችን እንደ ተራ ሠንጠረዥ ጠፍጣፋ አልነበረም። አንዱን ጭነት በመድኃኒቱም፣ በተቀባዩም፣ በወሩም በኩል ማየት ይቻላል፤ የሚጠየቅበትም የራሱ ቋንቋ አለው። እኔ እስከዚያ ቀን በዚያ ቋንቋ የጠየቅሁት ብዛት ብቻ ነበር፤ ስንት ካርቶን ወጣ፣ ስንት ቀረ። የምርት መለያው ደግሞ ለብቻው አልተመዘገበም። መዝጋቢዎቹ ከመድኃኒቱ ስም ጫፍ ላይ እየቀጠሉ ነበር የሚጽፉት።

ዳታቤዙን ስሙ በ4172 የሚያልቀውን አምጣ አልኩት። ስህተት ነው ብሎ መለሰልኝ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ቦምቦሊኖው ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ። ለካ ስም ጽሑፍ ነው፤ እኔ ከቁጥር ጋር ነበር የማወዳድረው። ጽሑፍ መሆኑን እንዲያውቅ 4172ን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባሁት። ሦስት ክሊኒኮች ወጡ።

ጋሽ ሸምሱ ዝርዝሩን አዩና «ዓለም ባንክ ሰፈር ላለው ክሊኒክ የላክነው የታለ? እኔው ነኝ ያስጫንኩት» አሉ።

የተመዘገቡትን የመድኃኒት ስሞች አንድ በአንድ አየሁ። አንዱ መዝጋቢ «41-72» ብሏል፣ ሌላው «41 72»። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ለየቅል።  በዚያው መጠየቂያ ቋንቋ አዲስ አገላለጽ ጻፍኩ፤ መጀመሪያ ከስሙ ክፍተቱንና ሰረዙን ያጠፋል፣ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ምልክቶች ቆርጦ ከጽሑፉ ጋር ያወዳድራል። ስልክ የሚደውለው ሰው እንዳይደናገርም የክሊኒኩን ስምና ወሩን በአንድ መስመር አገጣጠምኩለት።

አሥራ አንድ ክሊኒኮች ወጡ። ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። የዓለም ባንኩ አራተኛው መስመር ላይ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ በእኔ ስልክ ወደዚያ ክሊኒክ ደወሉ። «እህቴ፣ ያን የሕፃናት ሽሮፕ ለማንም እንዳትሰጪ» አሉና ማዳመጥ ጀመሩ። መስኮቱን ዝናብ ይደበድባል። ቆይተው ስልኩን አስቀመጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የክሊኒኩ ባለሙያ ለአንዲት እናት ሰጥታት፣ ሴትዮዋ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ሮጣ ጠርሙሱን መልሳ ተቀብላታለች» አሉኝ።

ሌሎቹን ተከፋፍለን ደወልን። ከሁለት ክሊኒኮች ጠርሙስ ወጥቶ ነበር፤ ወላጆቹ በልጆቹ የክሊኒክ ካርድ ተፈልገው መድኃኒቱን ሳያስጀምሩ ተገኙ። ከምሳ በፊት ሁሉም ተሰበሰበ። ጋሽ ሸምሱ በራሳቸው እጅ ከበር ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝተው አመጡልኝ፤ ያን ያህል የጣመኝ በቆሎ አላስታውስም።

ያን አገላለጽ ዛሬ አዲስ ተቀጣሪ በአምስት ደቂቃ ይጽፈዋል። ለእኔ ግን ሥራዬ ከስክሪን ወጥቶ ሰው ጋ ሲደርስ ያየሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ነው። ያቺን እናት አላውቃትም፣ እሷም እኔን አታውቀኝም። ልጇ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ምናልባትም ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ያውቃል።