የትንሿ ጣት ኖታ

የሙዚቃ መምህሩ አናጺ ጓደኛ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መምህሩ የጻፈውን ሁሉ ቼሎ በሚባለው ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ የሚጫወትለት እሱ ነበር። የአናጺውን የግራ እጅ ትንሽ ጣት መጋዝ ቆርጧት ስለነበር፣ መምህሩ ያቺን ጣት የሚጠይቅ ኖታ ጽፎ አያውቅም።

አሁን አንድ የኦርኬስትራ መሪ የመምህሩን አዲስ ድርሰት ከደብዳቤ ጋር መለሰለት። "የቼሎው ክፍል ያነክሳል። እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ከዝግጅቱ እናወጣዋለን" ይላል። መምህሩ ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ዕድል ይህችው ነበረች።

ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሲጽፍ ሲፍቅ ሰነበተ። እጁ ግን ዞሮ ዞሮ የለመደውን፣ ትንሿን ጣት የማይጠይቀውን ይጽፋል። እህቱ ከኋላው ቆማ አየችው።

"አንተ ሰው፣ አሁንም ለማን ነው የምትሳሳው? እሱ እንደሆነ አፈር ለብሷል።"

"አውቃለሁ እታለም። ዜማው ሲመጣልኝ ግን በእሱ እጅ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ።"

"ጉድ እኮ ነው! በቁሙ ይህን ጠረጴዛ አወላግዶ ሠራልህ፤ ሞቶ ደግሞ ሙዚቃህን ያወላግዳል?"

መምህሩ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እንባው ቀደመው። እህቱም ትከሻውን ያዘችው።

ሐሙስ ዕለት ድርሰቱን አንዲት ኖታ ሳይለውጥ መልሶ ላከው፤ ድርሰቱም ከዝግጅቱ ወጣ። ከእንግዲህ የሚጫወትለት የለም። ያም ሆኖ ጸሎቱን ሲያደርስ፣ ያቺን ጎዶሎ እጅ ሠላሳ ዓመት ስላዋሰው ፈጣሪውን አመሰገነ።