ገለባ ያሳረፈኝ ቀን

ባለፈው ታኅሣሥ ከዋጃ ወደ ቆቦ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከመንገድ ዳር አውድማ የተነሣ የማሽላ ገለባ በመስኮት ገብቶ ፊቴ ላይ ተበተነ። ሾፌሩ «እማማ፣ መስኮቱን ይዝጉት እንጂ» አለኝ። «ተወው ልጄ፣ ይግባ» አልኩት። ገለባ ባለውለታዬ ነው።

በወጣትነቴ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ለማብረር እሠለጥን ነበር። የምንለማመደው ቆቦ አጠገብ ባለ የአፈር ሜዳ ላይ ነው። በጎኑ የአባቴና የጎረቤቶቹ አውድማ፣ በሰሜን ጫፉ ገና ያልታጨደ የአያ ሐሰን ማሽላ ነበር። መነሣትስ ማንም ይነሣል፤ የእኔ ጣጣ ማረፉ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን አውሮፕላኗ መሬት በነካች ቁጥር እንደ ፍየል ግልገል እየዘለለች አስቸገረችኝ። በማግሥቱ ከሰዓት ደግሞ አልቆም ብላ ማሽላው ውስጥ ገባች። አያ ሐሰን ጎማው ላይ የተጠመጠመውን አገዳ እየፈቱ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ተረፍሽ! ግን ልጄ፣ ለአጨዳው እኮ ማጭድ አለን» አሉኝ። ከወደቀው መሀል አንድ ጥንቅሽ መርጠው ሰጡኝ። እያፈርኩ መጠጥኩት፤ ጣፋጭ ነበር።

አሠልጣኜ ካፒቴን ግርማ ግን አልሳቁም። «ነገ ከተሳሳትሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ» አሉኝ። ቤቴ ደግሞ እዚያው ነው። አባቴ በቆቦ ገበያ «ልጄ ታበራለች» ብሎ ያላወራለት ሰው አልነበረም። ሀገር እያየኝ ልባረር ነው ማለት ነው።

በነጋታው ከሰዓት፣ ካፒቴኑ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ከደቡብ በኩል ለማረፍ መጣሁ። አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው፤ አቅጣጫውን የሚነግረን እንጨት ላይ የታሰረ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ነፋሱ ከሰሜን ነው ይላል። ዝቅ ስል አውድማዎቹ ታዩኝ። ሰዉ ሁሉ ላይዳውን ጥሎ ወደ እኛ አንጋጧል። እህሉን ወደ ላይ መበተኑን ያላቆመ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባቴ። ገለባው ወደ ሰሜን፣ እኔ ወደምሄድበት ይነጉዳል። ነፋሱ ከኋላዬ ነው! ትናንት ማሽላው ውስጥ የጨመረኝም እሱ ነው። ለካ ያ ጨርቅ የእንጨቱ ስንጣሪ ይዞት ኖሯል።

የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና አድርጌ እንደገና ተነሣሁ።

«ፈራሽ?» አሉ ካፒቴኑ።

«አልፈራሁም። ነፋሱ ዞሯል፤ ገለባውን ይዩት።»

አዩት። «በይ ቀጥይ» አሉኝ። ዞሬ ከሰሜን ገባሁ፤ ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ለራሴም አልታወቀኝም። የዚያን ቀን ኩራት ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ሰማይ አላገኘሁትም።

ሰዉ በእልልታ ከበበኝ፤ አባቴ ግን አልመጣም። ቅር አለኝ። ነፋሱ ጋብ ሲል ሄጄ፣ «ምነው አባዬ፣ ለአፍታ እንኳ ቆም ብለህ ብታየኝ?» አልኩት።

«ትናንት ነፋሱ ሲገፋሽ አይቼ የለ?» አለኝ። «ባቆምስ ነፋሱን በምን ታዪ ነበር?»

ከዚያ በኋላ በብዙ ሜዳ አርፌያለሁ። ጎበዝ አብራሪ ነበረች ሲሉኝ አልክድም፤ ነበርኩ። ጎበዝ አባትም ነበረኝ።

ቆቦ ስንደርስ ሾፌሩ ሻንጣዬን አወረደልኝና «እማማ፣ ነጠላዎ ገለባ ብቻ ሆነ እኮ፤ ላራግፍልዎ?» አለ።

«እንዳትነካው» አልኩት።