በትከሻዬ የተለካው መግቢያ

ከዳሞታ ተራራ ሥር እስከ አስፋልቱ የሚወርደውን የሰፈራችንን መንገድ ጎርፍ ቦርቡሮት፣ እግረኛ፣ አህያና ሞተር በአንድ ቦይ ይጋፉ ነበር። ሞተር አንድ ሽማግሌ ከገጨ በኋላ ኮሚቴ ተቋቋመ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ተምሬያለሁና ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ።

ከሌላ ከተማ ተመድቦ የመጣ አንድ መሐንዲስ ሊረዳን ፈቀደ። መንገዱን አብረነው ያየነው እሑድ፣ ከጸሎት መልስ ነው። በእጃችን መጽሐፍ ቅዱስና ጃንጥላ ብቻ ነበር። ውሃው በየት እንደሚወጣ አሳየን። ለአህያና ለሞተር ሰፈሩን የሚዞረው ረጅሙ መንገድ፣ ዙሪያው፣ ተሰጠ፤ ቀጥ ብሎ የሚወርደው አቋራጭ ለእግረኛ ሆነ። ሞተር እንዳይገባም ከታች ሁለት የብረት ምሰሶ እንዲተከል ተስማማን።

«ምን ያህል ይራራቁ?» አለ መሐንዲሱ።

«ሰው የሚያሳልፍ!» አልን።

ምሰሶዎቹ በሚተከሉበት መሐል ቆምኩላቸው። በትከሻዬ ለክተው ግራና ቀኝ ስንዝር ጨመሩ።

«እማማ፣ ከዚህ በላይ እንዳይወፍሩ!» አለ አንድ ባለሞተር። ሳቅን። «ለሰው ይበቃል» ብዬ ጻፍኩ።

ምሰሶው በተተከለ በሳምንቱ የጎረቤቴን ምራት ምጥ ያዛት። አምቡላንስ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አራት ወንዶች እንደ ልማዳችን በቃሬዛ ተሸክመዋት በአቋራጩ ወረዱ፤ እኔና አማቷ ተከተልን። ምሰሶው ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

«ምን ቆማችሁ?» አለች አማቷ።

«አያሳልፍም! ቃሬዛው ይሰፋል። በዙሪያው እንመለስ?»

«በዙሪያው? መንገድ ላይ ልትወልድ?»

ሲለካ እኔ የቆምኩበት ቦታ ነበር። ምጥ የያዛት ልጅ ከቃሬዛው ላይ ምሰሶውን በእጇ ጨብጣ አለቅም አለች። አማቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። ወንዶቹ ቃሬዛውን ከምሰሶው በላይ አነሱት፤ አዘነበለ፤ ተንሸራተተች። እግሯን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር። እንደምንም አሳለፏት።

ሐኪም ቤት ደርሳ በሰላም ተገላገለች። እኔ ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

በስብሰባው ማንም አልወቀሰኝም። የጻፍኩትን ራሴ አነበብኩላቸው። ምሰሶው ይራራቅ፣ ሞተሩን የድንጋይ ጉብታ ይከልክለው ተባለ። እንደገና ሲለካ ግን የገበያ ቀን ይሁን አልኩ። የእንሰት ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች አንድ በአንድ አለፉ። ከዚያ ቃሬዛው እንዲመጣ አደረግሁና ተኛሁበት። አራቱ ወንዶች አነሱኝ።

«እማማ፣ ሳይሞቱ አሸከሙን እኮ!» አለ ያው ባለሞተር።

«አንተ የመለኪያውን ገመድ ያዝ» አልኩት።